የማይሞቀው ምድጃ

ብርቅታይት እጆቿን ወደ ምድጃው ዘረጋች። ምንም አልተሰማትም።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ምድጃው ውስጥ ፍም መስሎ የሚያበራው ቀይ አምፖል ነው። ደንቡ ሣር በተከደነ ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ አይፈቅድም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረውን የጃፓን ገበሬ ጎጆ ከነጉድጓዱ፣ ከነምሰሶው፣ ከነጥላሸቱ አስመስለው ከሠሩ በኋላ መሐሉ ላይ አምፖል ቀብረውበት ሄደዋል። ላስ ቬጋስ መቼም ይህን ታውቅበታለች። ፒራሚድ ሲያምራት ፒራሚድ፣ የፓሪስ ግንብ ሲያምራት የፓሪስ ግንብ ያቆመች ከተማ ናት። አሁን ደግሞ የጥንት ጃፓን አምሯት ከሄንደርሰን ከተማ ወዲያ ባለው በረሃ ላይ አንድ ሙሉ መንደር አቁማለች። ጃፓን ውስጥ ተቆፍሮ በተገኘው ልክ የተሠራ ነው ይላሉ። ጎተራው አለ፣ የጥበቃ ማማው አለ፣ ሙታን የሚቀበሩበት ጋን እንኳ አልቀረም።

ደግሞስ እሳቱ እውነተኛ ቢሆን ይሞቃት ነበር? ብርቅታይት እርግጠኛ አይደለችም። ከፋሲካ ወዲህ የሚሞቃትም የሚበርዳትም ነገር የለም። ሥራዋ ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ የበረዶ ምግብ መጋዘን ውስጥ ነው። ውጭው እንደ ምጣድ ሲግል እሷ ካፖርትና ድርብ ጓንት አድርጋ የቀዘቀዘ ዶሮ ስትደረድር ትውላለች። ሰው «ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ?» ሲላት «ፍሪዘሩ ነው» ትላለች፤ ሰውም ያምናታል። ያልበላችውን በላሁ፣ ያልተኛችውን ተኛሁ ማለት የለመደች ሰው ናት።

ዛሬ የመጣችው ለእማማ እታፈራሁ ስትል ነው። የአማርኛዋ ቤተክርስቲያን እናቶች ለሽርሽር ሲወጡ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ እማማ ደግሞ ሲያትል ልጃቸው ጋ ከርመው መመለሳቸው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለችም። መዘምራን ውስጥ የተዋወቀችው ናኦድ ይህን መንደር ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ እንደነበር ታውቃለች። ግን ሥራው አልቆ ሄዷል ሲሉ ሰምታ ነበር። ባትሰማ ኖሮ ክንድ የሚይዝ ሌላ ሰው ይፈለግ ነበር።

«ሶሪ፣ እማማ፣ ጎንበስ ብለው ይግቡ» አለ ከደጅ አንድ ድምፅ።

«ለማን ነው የምሰግደው?» አሉ እማማ እታፈራሁ፣ እግራቸውን በጥርጣሬ ሰብስበው።

«ለማንም አይደለም። በሩ ሾርት ስለሆነ ነው።»

ብርቅታይት ቀና አላለችም። ድምፁን በአንድ ቃል ለይታዋለች፤ አማርኛውን ከነእንግሊዝኛው እየጎተተ የሚናገር፣ «ሶሪ» ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይጀምር ሌላ ሰው አታውቅም። በዝቅተኛው በር መጀመሪያ እማማ፣ ቀጥሎ እሱ ገባ። ናኦድ ጎንበስ እንዳለ አያት፤ ቀና ማለቱን ረስቶ እዚያው ቀረ። እሷም እጇን ከአምፖሉ ላይ ማንሳት ረሳች። ደንግጣ ቢሆን ደስ ባላት ነበር። ልቧ ግን እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ጥግ ላይ ቆሞ ዝም አለ።

•

ይህችን ጎጆ የምታውቃት ገና አጥንት ሳለች ነው። ባለፈው ክረምት ናኦድ ከሥራ በኋላ ይዟት መጥቶ ጉድጓዷንና ምሰሶዋን አሳይቷት ነበር። «ቤት ሲጀመር ጉድጓድ ነው» ብሏት ስቀዋል። እሱ በአራት ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባል የሀብታም ሰፈር ውስጥ አሳንሰር ብቻ የጎደለው ቤት ያደገ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ስምዖን የነዳጅ ማደያዎች አሏቸው። እሷ በዲቪ መጥታ ከወንድሟ ከጌቱ ጋር ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ የምትኖር የመጋዘን ሠራተኛ ናት። የተገናኙት መዘምራን ውስጥ ነው፤ እሱ መዝሙሩን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ሲያነብ እሷ እያረመችው።

አቶ ስምዖን ነገሩን ሲሰሙ «እኔ ሽማግሌ አልክም» አሉ፤ አለቀ። ናኦድም የአባቱ ልጅ ነውና «እንግዲያው እኔ እልካለሁ» አለ። ላከም። ሽማግሌዎቹ ጓደኛው ዳጊና ሁለት የመዘምራን ልጆች ነበሩ። ሦስቱም እዚሁ ያደጉ፣ ሱፍ የለበሱ፣ ጺም የሚባል ነገር ያልጎበኛቸው። አንዱ ስኒከር አድርጎ ነበር። ብርቅታይት ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ ሳቋን በመዳፏ አፍና ሰማቻቸው። ዳጊ ከስልኩ ላይ እያነበበ ጠየቀ። ጌቱ ቀዝቀዝ ብሎ አዳመጠና «መልካም፣ እኛም ከዘመድ ጋር እንመካከር፤ ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ» አላቸው። ልጆቹ አመስግነው፣ እጅ ነስተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ጌቱ «መልስ እስኪሰጥ ስልኩን እንዳታነሺ፤ ነውር ነው» አላት። ደስ እያላት ታዘዘችው። ናኦድ አንድ ሰሞን ደወለ፣ ከዚያ ተወ። ቤተክርስቲያን መምጣትም ተወ። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። የሴት ወገን «የት ቀራችሁ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ጌቱ አልጠየቀም። እሷም አልጠየቀች። አባቱን ሰምቶ ነው አለች። በሰዘርን ሃይላንድስና በኖርዝ ላስ ቬጋስ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ለካ የሚያልፈው የለም አለች። ከዚያ ወዲህ ነው ፍሪዘሩ ወደ ውስጥ የገባው።

•

ናኦድ እናቶቹን እየመራ ወደ መቃብሩ ወሰዳቸው። አሸዋው ውስጥ በግማሽ የተቀበሩ ሁለት ትላልቅ ጋኖች አፍ ለአፍ ተገጥመው በጎናቸው ተኝተዋል።

«ሰውን በጋን?» አሉ እማማ እታፈራሁ። «ያውም በሁለት ጋን!»

«አንዱ አይበቃም፣ እማማ። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይገባል። ከዚያ ሁለቱን አፍ ገጥመው በጭቃ ይዘጉታል።»

«አፍ ለአፍ ገጥመውም ዝም» አለች ብርቅታይት።

ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ናኦድ ግን ፊቱ ተቀያየረ። እናቶቹ ጥላው ሥር ወዳለው ጠረጴዛ፣ ለስላሳ ድንጋይ በውሃ እያሹ የጥንቱን ዓይነት ጨሌ ወደሚሠሩበት ቦታ ሲያዘግሙ ሁለቱ ጋኖቹ አጠገብ ቀሩ።

«ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ነገ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ጃፓን። ይህን የሠራው ካምፓኒ እዚያ ሥራ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት። ዛሬ ጉድባይ ልላቸው ነበር የመጣሁት። የኛ ቸርች መሆኑን ሳይ...» ቃሉ ጠፋበት። «ላሳያችሁ ብዬ።»

«መልካም መንገድ» አለች።

ድምፁ የራሷ መሆኑ ገረማት። መጋዘን ውስጥ ሣጥን አልፎ ሌላ ሣጥን ሲመጣ የምታወጣው ድምፅ ነበር።

«ይኸው ነው? መልካም መንገድ?»

«ምን ልበልህ ሌላ?»

«ኖ ማለት ከፈለግሽ አንቺ ራስሽ ለምን አላልሽኝም?» «እኔን አይተሽ፣ ፊቴን አይተሽ። ለምን በወንድምሽ?»

«እኔ? እኔ ነኝ እንግዲህ ጥፋተኛዋ?»

«ስልክ አላነሳሽም!»

«ሽማግሌ ልከህ ስልክ ትደውላለህ?»

«ሽማግሌ ከላክሁ ስልክ አይሠራም?»

ብርቅታይት ምን እያለ እንደሆነ አልገባትም። ልትጠይቀው ይገባ ነበር። ግን መጠየቅ ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበት ደግሞ ከተስፋ ነው የሚመጣ፤ ተስፋዋን ከሰማያዊው የክት ቀሚሷ ጋር አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከትታዋለች።

«አባትህ ሰው ናቸው» አለችው። «ቃላቸውን ስማ። ይሻልሃል።»

«አባቴ? አባቴ ምን አገባው?»

እማማ ከጥላው ሥር ተጣሩ። ብርቅታይት ፊቷን አዙራ ሄደች። ነገ ይሄዳል አለች በልቧ። ነገ ይሄዳል። ቃሉን እንደ ድድ በምላሷ ነካካችው፤ የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶ እንዳደነዘዘው ዓይነት ነበር። የእሷ ነው፣ አለ፣ ግን አያምም። እንደማያምም ማወቋ ብቻ ትንሽ አስፈራት።

•

የመጨረሻው ጎተራው ነበር። በረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆሞ፣ በየእንጨቱ አናት ላይ ክብ ጣውላ እንደ ባርኔጣ ተደፍቶበታል።

«አይጥ እንዳይወጣ ነዋ!» አሉ እማማ እታፈራሁ፣ ናኦድ አፉን ሳይከፍት። «አይ ጃፓኖች፣ እግዜር ይባርካችሁ። የኛም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ስንት እህል በተረፈ።» ከዚያ ዓይናቸውን ከጣውላው ወደ ልጁ አወረዱ። «እኔ የምለው፣ አንተ ልጅ፣ ሽማግሌዎችህ መቼ ነው የሚመለሱት?»

እናቶቹ ጆሯቸውን አቆሙ።

«የት?» አለ ናኦድ።

«እንዴት የት! እነጌቱ ቤት ነዋ። ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ አላላችሁም? ትናንት ሲያጫውተኝ አንጀቴን በላው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም ትቶ እናንተን ይጠብቃል።»

«እማማ፣ እምቢ ብሎናል እኮ።»

«ማን?»

«ጌቱ። ከዘመድ ጋር እንመካከር፣ በኋላ ብቅ በሉ ብሎ።»

«እህስ?»

«ኖ ማለት ነው። ሥራ ስትጠይቅ እናስብበት፣ እንደውልልሃለን ካሉህ አበቃ፣ ቻው ማለት ነው። ዳጊም ፖላይት ኖ ነው አለኝ። ከዚያ እሷም ስልክ ስታጠፋብኝ...»

እማማ እታፈራሁ መጀመሪያ አልሳቁም። አፋቸውን ከፍተው ልጁን ካዩት በኋላ ጭናቸውን መቱ። ከዚያ ነው ሳቁ የመጣው፤ ጎተራውን ተደግፈው እስኪያነቡ ድረስ።

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ የት አገር አለ? ልጅቷ ምን ቆማ ቀርታ ነው ዕለቱኑ የምትሰጥ? ለኔ የተላኩት ጫማቸው እስኪያልቅ ነው የተመላለሱ። አባቴ ውሻ ፈታባቸው። በማግስቱ መጡ!»

«ታዲያ እምቢ ከሆነ ምን ይላሉ?»

«እምቢ ከሆነማ ለሌላ ተሰጥታለች ይሉሃል፣ አርፈህ ትቀመጣለህ። ተመካክረን እንንገራችሁ ካሉህ ግን ልጄ፣ በሩ ገርበብ ብሏል ማለት ነው። ይህን የሚነግርህ አንድ ጺም ያለው ሰው እንኳ አጣህ?»

ናኦድ ወደ ብርቅታይት ዞረ። ፊቱ ላይ ያለውን ማየት ከበዳት።

«ትጠብቂኝ ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

ሥራ ላይ አንድ ነገር ታውቃለች። ጣት ፍሪዘር ውስጥ እያለ አያምም። የሚያመው ወጥቶ መሞቅ ሲጀምር ነው፤ ያኔ አዲስ ሠራተኞች ያለቅሳሉ። አሁን ከደረቷ ጀምሮ እስከ ጥፍሯ ድረስ ያ ነገር መጣባት።

«ከበሩ ኋላ ነበርኩ» አለች። «ዳጊ ከስልኩ ሲያነብልህ ከበሩ ኋላ ቆሜ ስስቅ ነበር። በየቅዳሜው ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ወንድሜ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ኮቱን ሲያጠልቅ እያየሁ ከበሩ ኋላ ነበርኩ! እና አንተ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ኖ የሚመስል ነገር ብትሰማ ጃፓን ትሄዳለህ? በሩን መደብደብ የለም? መጮህ የለም? አባትህ ሲከለክሉህ ያልሰማኸውን ዳጊ ፖላይት ኖ ስላለህ ትሰማለህ?»

ድምፅዋ በረሃው ላይ ጮኸ። እናቶቹ ዓይናቸውን ወደ ጎተራው ሰቀሉ፤ ክብ ጣውላውን እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ ያየው ጎብኚ የለም።

«በሩን የዘጋሽው አንቺ መስሎኝ ነው» አለ ናኦድ። «አንቺ ከዘጋሽው ልደበድበው አልፈለግሁም። ሪስፔክት መስሎኝ ነው። ብርቄ፣ እኔ እኮ ሞቼ ነበር። ጃፓን የሄድኩት... የምሄደው ጃፓንን ወድጄ አይደለም። ቸርች ስሄድ አንቺ አለሽ፣ ሥራ ስመጣ ይቺ ጎጆ አለች። የት ልሁን?»

እንባው ሲወርድ አላበሰውም። እሷም የራሷን አላበሰችም። ሙቀቱ ወዲያው ያደርቀው ነበር፣ ግን ሌላ ይከተላል።

«አልሄድም» አለ። «ቲኬቱን ካንስል አደርጋለሁ።»

«ለምን ሲባል?» አሉ እማማ። «ሙሽራ መቼ ነው ከሽማግሌ ጋር የሚሄድ? አንተ ሥራህን ያዝ። ሽማግሌው የሚሄደው በራሱ እግር ነው። አስፈላጊ ከሆነ እኔም እሄዳለሁ፤ ሴት አይሄድም የሚል ይምጣና በፊቴ ይናገር።»

ናኦድ አልሰማቸውም። የሚያየው ብርቅታይትን ነበር። አትሂድ ካለችው ይቀራል፤ ይህን ታውቃለች። ዕድሜ ልኩንም ለእሷ ሲል የተወው ነገር ይኖራል። ልቧ አትሂድ እያለ እየጮኸ፣ አፏን ከፈተች።

«ሂድ።»

ፊቱ ነጣ። «ሂድ ማለት ምንድን ነው? እባክሽ ንገሪኝ። እሱም ኖ ነው?»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሳቁ ጉሮሮዋን አሳመማት።

«ሂድ ማለት ሂድ፣ ሽማግሌ ላክ ማለት ነው። ጺም ያለው።»

•

በተከታዩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነጭ ጺማቸውን ያስረዘሙ አንድ ዲያቆን፣ ፓስተሩ፣ እና በመካከላቸው በትረ መንግሥት እንደያዘ ሰው ከዘራቸውን ያቆሙ እማማ እታፈራሁ። ጌቱ ሴት ሽማግሌ ሲያይ ቅንድቡን አነሳ፣ እማማ የእሳቸውን አነሱ፣ የጌቱ ቅንድብ ተመለሰ።

ብርቅታይት ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ጠዋት ሺፍት ገብታ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿ ገና አልተመለሱም። በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ሽማግሌዎቹን ያመጣቸው ትልቅ ጥቁር መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። መሪው ላይ፣ ሽማግሌ አልክም ያሉት አቶ ስምዖን ተቀምጠዋል። አልወጡም። ግን አልሄዱም። አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን መሪው ላይ አድርገዋል። እኒያን ትዕቢተኛ ሰው እንዲያ ሆነው ስታይ፣ ባልጠበቀችው ቦታ አዘነችላቸው።

ሳሎን ውስጥ ፓስተሩ ጠይቀው ጨረሱ። ጌቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም» አለ። «እንግዲህ እኛም ከዘመድ ጋር...»

ሕጉ እንዲህ ነው፤ ታውቃለች። ወንድሟ ክብሯን እየጠበቀላት ነው። ልጅቷ ደግሞ ከበሩ ኋላ ትቆማለች። ብርቅታይት በሩን አየችው። ቀለሙ የት የት ጋ እንደተላጠ ሁሉ ታውቃለች። ከዚያ ከፈተችው።

«ተመካክረናል፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

ፓስተሩ ምንጣፉን ማጥናት ጀመሩ። ዲያቆኑ ጺማቸውን ያዙ። እማማ እታፈራሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ግን ይስቅ ነበር። ጌቱ እህቱን አያት። ስንት ወር ሙሉ ሲጠሯት የማትሰማ፣ ሲያበሏት የማታላምጥ ሰው ከቤቱ ነበረች። አሁን ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ ረጥቧል። የተቆጣ ሊመስል ሞከረና አቃተው።

«እንግዲህ ዘመድ ተመካክሮ ከጨረሰ እኔን ምን ያስለፋኛል» አለ። ተነስቶ በመስኮት ቁልቁል አየ። «እኒያ ሰውዬስ በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ቤት ለእንግዳ ነው፤ ይገባል እንጂ።» ደረጃውን ሲወርድ ጫማው ተሰማ።

ብርቅታይት ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ስልኳን አነሳች። ጃፓን እሑድ ጠዋት ነው። ገና አንዴ ሲጠራ ተነሳ።

«ምን አሉ?» አለ ናኦድ። ትንፋሹ ይሰማል።

ትቀልድበት ዘንድ ሰይጣን መከራት። «ከዘመድ ጋር እንመካከር አሉ።»

ከባሕሩ ማዶ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየረገጠ፣ «እሺ። መቼ ተመልሰው ይምጡ?» አላት።

ብርቅታይት ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። እሱ እየጠበቀ ነበር፤ አልዘጋም። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ እስከ ጥፍሯ ድረስ አመማት። ይመመኝ አለች።